ሀዋሳ ላይ ተጎታች ወደ ማደሪያ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት እዩት

አሁን ከብየዳ ቤቱ መመለሴ ነው፣ ንዴቴ አልበረደም። እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። «አይዞህ ወንድሜ፣ የራስህ ቤት ነው» ብለው ቀብድ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ነው። መዘግየቱንስ ችዬው ነበር።

የሰጠኋቸው ባለ አንድ አክስል (ጎማዎቹ የሚያያዙበት ዘንግ) ትንሽ የዕቃ ተጎታች ነው። ቅዳሜና እሁድ ልጆቼን ይዤ ላንጋኖ እንዳድርበት፣ ጣሪያ፣ አልጋና ትንሽ ማብሰያ ሊሠሩልኝ ተስማማን። ቱቦላሬው፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነው የአካሉ ብረት፣ ውፍረቱ ባለ 2 ሚሊ፣ ወለሉ ኮምፔንሳቶ፣ 100 ሊትር የሚይዘው የውሃ በርሜል ከአክስሉ ፊት እንዲሆን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። በርሜሉ ሲሞላ ውሃው ብቻ 100 ኪሎ ነው። ክብደት ከአክስል ኋላ ከበዛ ተጎታቹ ፊቱን ያነሳና መወዛወዝ ይጀምራል፣ ሲብስ መኪናውንም ይዞ ይገለበጣል።

ሻሸመኔን አልፈን ወደ አርሲ ነገሌ ስንሄድ ግራ ቀኝ ይማታ ጀመር። ልጆቼ መኪናው ውስጥ ነበሩ! ቀስ ብዬ ዳር ይዤ ወርጄ ሳየው፣ በርሜሉን አልጋው ሥር፣ ከኋላ ጫፍ ላይ ነው የቀበሩት።

ዛሬ ወሰድኩላቸው። ማዕዘኑ ላይ የተሰነጠቀውን ስቱኮ ባለቤቱ ፊት በመኪናዬ ቁልፍ ቧጨር ሳደርገው ረገፈ። ከሥሩ ብየዳ የለም። ነጥብ ነጥብ ብቻ አስይዘው፣ ክፍተቱን በስቱኮ ሞልተው ነው ቀለም የቀቡበት። ቱቦላሬው ስስ ነው። ወለሉም በኮምፔንሳቶ ፈንታ ችፑድ (የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) ሆኖ ተገኘ፣ ዝናብ ነክቶት እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

ሰውዬው ሻዩን ይዞ ከወንበሩ እንኳን አልተነሳም። «ሰው ሊኖርበት ነው እንዴ? ለሽርሽር አይደል?» አለኝ። ወረቀቱን ሳሳየው ለሠራተኛው ወረወረለትና «ይሄን ኢንጂነር አስተናግደው» አለው። ሁሉም ሳቁ። ልጆች ሊተኙበት ስለነበረ ነገር ነው የሚስቁት! ብሬን መልስልኝ ስለው ደግሞ «ብርህማ ብረት ሆኗል፣ ከፈለግክ ነቅለህ ውሰድ» አለኝ። እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም።

የምታሠሩ ካላችሁ ብየዳውን ስቱኮ ሳይነካው ሄዳችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ የብረቱን ውፍረት ለኩ። ቀሪውን ክፍያ በርሜሉን ሞልታችሁ፣ ጎትታችሁ ሳትሞክሩ እንዳትሰጡ። ደረሰኝም ተቀበሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥሩ 813/2006 ነው። እኔም ነገ ፎቶውንና ደረሰኙን ይዤ ንግድ ቢሮ ነኝ።