ሁለት ቦታ ሄድን፣ የጠየቁን አንዱ ጋ ብቻ ነው

አባቴ ወገቡን ካመመው ቆይቷል። በመጨረሻ ሕመሙ ወደ ግራ እግሩ ወርዶ ማደንዘዝ ሲጀምር ሐኪሙ «ዲስክ ሊሆን ይችላል፣ ኤምአርአይ ይነሱና እንየው» ብሎ ወረቀት ጻፈልን። ዲስክ በወገብ አጥንቶች መሀል ያለው ለስላሳ ትራስ ነው፣ ኤምአርአይ ደግሞ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳ ማሽን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የግል ማዕከሎች ሄድን። የሁለቱንም ስም አልጠራም። ልዩነታቸውን ግን ልንገራችሁ፣ እናት አባቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ጋ እንግዳ ተቀባይዋ ወረቀቱን አየች፣ ዋጋ ነገረችን፣ «ክፍያ ጨርሱና ጠብቁ» አለችን። አለቀ። ሰውነቱ ውስጥ ብረት አለ ወይ ያለን ሰው የለም። እኔም አላውቅማ! ገንዘብ ላወጣ ስል ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ተመለሱ ተባልን። ያን ዕለት በጣም ተናደድኩ፣ አሁን ሳስበው ግን እግዚአብሔር ነው ያተረፈን።

ሁለተኛው ጋ ከክፍያ በፊት ቴክኒሻኑ ራሱ ወረቀት ይዞ አጠገባችን ቁጭ አለ። አንድ በአንድ እያነበበ በአማርኛ ጠየቀው። ልብዎ ላይ የተተከለ ባትሪ አለ? ጭንቅላትዎን ኦፕሬሽን ሆነው ያውቃሉ? ጆሮዎ ውስጥ የተተከለ ነገር አለ? ብየዳ ሠርተዋል፣ ዓይንዎ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቶ ያውቃል? ከዚያ «አባባ፣ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ሰውነትዎ ውስጥ ቀርቷል?» አለው። አባቴ ትንሽ ዝም አለ። ቀስ ብሎ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰበሰበና በጣቱ አንድ ቦታ ተጭኖ አሳየው። «ይቺ አለች፣ ከ81 ጀምሮ አብራኝ ነች።» ጠባሳውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ብረቱ እስካሁን ውስጡ እንዳለ ግን በዚያች ደቂቃ ነው የሰማሁት።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ቴክኒሻኑ ልጅ አስረዳን። ኤምአርአይ ትልቅ ማግኔት ነው። የእነሱ ማሽን 1.5 ቴስላ ነው (ቴስላ የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው)፣ ይህ ከመሬት የማግኔት ኃይል 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሰው ባይኖርበትም ማግኔቱ ሌት ተቀን እየሠራ ነው። ዓይን ውስጥ ወይም ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ ብረት ከቦታው ሊንቀሳቀስ፣ ሊሞቅም ይችላል። ጡንቻ ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየ ፍንጣሪ ብዙውን ጊዜ በጠባሳ ተይዞ ይቀመጣል፣ ግን ያንን የሚወስነው ሐኪም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጭኑን ራጅ ተነሳ፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ አይቶ ፈቀደ፣ ከዚያ ነው የገባው። በዚህች አገር ስንት የቀድሞ ወታደር፣ ስንት ብየዳ ሠራተኛ እንዳለ አስቡት። ሳይጠይቋችሁ ራሳችሁ ተናገሩ።

ልብስ አስወልቀው ጋውን ሰጡት። አንገቱ ላይ የብር መስቀል አለችው። ቴክኒሻኑ «ማተቡን አይበጥሱት አባባ፣ መስቀሏን ብቻ ለልጅዎ ይስጡ» አለው። ይህቺ አነጋገር ልቤን ነካችኝ። ሴቶች ደግሞ የሹሩባ መርፌ፣ ጉትቻ፣ የሚያብረቀርቅ ክር ያለው ሀበሻ ቀሚስ ቤት ትታችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ኩልም አትኳሉ፣ አንዳንዱ ብረት አለበት።

ውስጥ የነበረው 25 ደቂቃ ያህል ነው። ድምፁ ከባድ ነው፣ አስፋልት የሚሰብር ማሽን አጠገብ የቆማችሁ ይመስላችኋል፣ ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። እጃችሁ ላይ የምትጨመቅ ኳስ ያስይዟችኋል፣ ከጨነቃችሁ ተጫኗት፣ ያስቆሙላችኋል። ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ሰው ቀድሞ ይናገር፣ ሳይገባም ዓይኑን ይጨፍን። መንቀሳቀስ ምስሉን ያበላሻል፣ እንደገና መነሳት ይመጣል። ብዙ ሰው በራጅ ጨረር ከሚሠራው ሲቲ ስካን ጋር ያምታታዋል እንጂ ኤምአርአይ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም።

በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ኮንትራስት የሚሉት፣ ለተለመደ የዲስክ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ሲጠረጠር ነው የሚታዘዘው። ከታዘዘላችሁ ኩላሊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ይንገር፣ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው ክሬቲኒን በደም ይታያል። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ክፍያውም ለብቻው ስለሚታሰብ ጠቅላላ ስንት እንደሚመጣ መጀመሪያውኑ ጠይቁ።

ቅሬታም አለኝ። ለ3 ሰዓት ቀጥረውን የገባነው 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የታመመ ወገብ ይዞ ያን ያህል ጊዜ እንጨት ወንበር ላይ መቀመጥ ስቃይ ነው፣ አባቴ ግማሹን ቆሞ ነው የጠበቀው። ውጤቱንም ነገ ብለውን በሦስተኛው ቀን ደረሰን። ይህን ለኃላፊያቸው ነግሬያቸዋለሁ። ቢሆንም ነገ ሌላ ሰው ብወስድ እዚያው ነው የምወስደው፣ ምክንያቱም መጠበቅ ያደክማል እንጂ ዓይን አያጠፋም።

ሪፖርቱ አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንት መሀል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ እንደተጫነ ይላል። አሁን ፊዚዮቴራፒ ጀምሯል። የጭኑን ራጅ የኤምአርአዩ ምስል ካለበት ሲዲ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ሌላ ጊዜ ኤምአርአይ ከታዘዘለት ከክፍያ በፊት የማሳየው እሱን ነው።