ለኡስታዛዬ ምስጋና፣ ለአዲስ ሰለምቴዎች ደግሞ ጥቆማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይሄን ለመፃፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ስሜን እንዳትጠሪ ስላለችኝ ግን ኡስታዛ (አስተማሪዬ ማለት ነው) ብዬ ብቻ ነው የምፅፈው።

ከሰለምኩ አንድ አመት ከአራት ወር ሆነኝ አልሃምዱሊላህ። የመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም ከብደውኝ ነበር፣ መጀመሪያ ልማር የሄድኩበት ቦታ ገና በሁለተኛው ቀን አንዷ ሱሪዬን አይታ ተቆጣችኝ፣ ሌላዋ ስምሽን ቀይሪ አለችኝ፣ ሌላዋ ደግሞ ፋቲሃን (የቁርአን የመጀመሪያውን ምዕራፍ) ሳትሸመድጂ የምን ሶላት ነው ስትለኝ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩና ሶላቱንም ተውኩት። ሶስት ሳምንት ሙሉ አልሰገድኩም።

ከኡስታዛ ጋር ያገናኘችኝ ጎረቤቴ ናት አላህ ይስጣት። የመጀመሪያ ቀን ደብተር እንኳን አላወጣችም፣ ቡና አፍልታ ምን ምን እንደከበደኝ ጠየቀችኝና ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዛ "አምስቱንም ወቅት ከዛሬ ጀምረሽ ትሰግጃለሽ፣ ፋቲሃን እስክትይዢ ሱብሃነላህ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ አላሁ አክበር በይ" አለችኝ። እንደዛ እንደሚቻል ማንም ነግሮኝ አያውቅም! ቁርአን መያዝ ላቃተው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ያስተማሩት ነው አለችኝ፣ የዛን ቀን መግሪብን (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደውን ሶላት) ከጎኗ ቆሜ ሰገድኩ።

ፋቲሃ 7 አንቀፅ አይደለች፣ በሳምንት አንድ አንድ አንቀፅ ብቻ ነበር የምትሰጠኝ። በጣም ያስቸገረኝ የሐ እና የዐ ድምፅ ነው፣ "ፊደሉማ አለን እኮ፣ ሐመሩ ሐ፣ ዐይኑ ዐ እያልን ነው ያደግነው፣ ድምፁ ነው ከአፋችን የጠፋው" ትለኝና ጉሮሮዋን በእጄ አስነክታ ከየት እንደሚወጣ ታሳየኛለች። ሲያቅተኝ ደግሞ እየተንተባተበና እየከበደው ቁርአን የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር (ምንዳ) አለው የሚለውን የነቢዩን ሐዲስ ደብተሬ ሽፋን ላይ ፃፈችልኝ፣ እስካሁን አለ።

ስለ ሂጃብ አንድም ቀን ጨቅጭቃኝ አታውቅም። ሶላቴ ከተስተካከለ በኋላ ራሴ ጠየቅኳት፣ አብራኝ መርካቶ ወርዳ አስመረጠችኝ። አንዴ ሁሉም ነገር ዘገየብኝ ብዬ ሳማርር "ቁርአን ራሱ በ23 አመት ነው የወረደው፣ መጠጥ እንኳን በአንዴ አይደለም የተከለከለው፣ አንቺ በሁለት ወር ልትጨርሺ ነው?" አለችኝ።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ግን በእናቴ ጉዳይ ነው። እናቴ ክርስቲያን ናት፣ ፋሲካ ሲደርስ ስጋውን ስለማልበላ ጭራሽ አልሄድም ብዬ ነበር። ኡስታዛ በጣም ነው ያዘነችብኝ። የአቡበክር ልጅ አስማ ያልሰለመች እናቷ ስትመጣባት ልቀበላት ወይ ብላ ነቢዩን ጠይቃ አዎ ዝምድናሽን ቀጥዪ እንዳሏት ነገረችኝና "ስጋውን ተይው፣ እናትሽን ግን እንዳትተያት" አለችኝ። ሄድኩ። እናቴ ለብቻ ድስት ሽሮ ሰርታ ጠበቀችኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ የኔ ድስት እዛ ቤት አለ፣ ማንም ስጋ አይሰራበትም። ይሄን ስፅፍ ራሱ እንባዬ እየመጣ ነው።

አሁን ከፋቲሃ ሌላ ስድስት አጫጭር ሱራ (ምዕራፍ) ይዣለሁ፣ ቃዒዳም (የአረብኛ ፊደል ማንበብ የሚያስተምረውን የጀማሪ መፅሐፍ) ጀምሬያለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ነው የምታቀራው፣ ቤቷ ኮልፌ ነው፣ ሴቶችን ብቻ። ለራቃችሁ በቴሌግራም ድምፅ ትልካለች፣ ቀርታችሁ ስትልኩላት ሰምታ ታርማለች፣ አረብ ሀገር ቤት ውስጥ የምትሰሩ እህቶች ማታ ስራ ስትጨርሱ ብትልኩላትም ትመልሳለች። ከአዲስ ሰለምቴ ክፍያ አትቀበልም፣ አቅም ያላችሁ ግን ለሌሎቹ ተማሪዎች ቃዒዳና መስገጃ ግዙላት፣ እሱን እሺ ትላለች።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ሶላት አቋርጣችሁ ማፈር የያዛችሁ ካላችሁ በተለይ እናንተ ፃፉልኝ። ኡስታዛዬ ጀዛኪላሁ ኸይረን፣ የፊታችን ማክሰኞ አረፍዳለሁ፣ እናቴ ጋ ነኝ።