ባለሦስት ጓጉንቸሩ የቁጠባ ሣጥን፦ ከመግዛትዎ በፊት

መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ወደ ገጠር ከሚያወርዷቸው ዕቃዎች መካከል ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላም ሥራ የማይፈታው ይህ የብረት ሣጥን ነው። አባላት በሣጥኑ እየቆጠቡ እርስ በርስ የሚበዳደሩበትን አሠራር ኬር የተባለው ዓለም አቀፍ የርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ጀመረው፤ እኛ ጋ የመንደር ቁጠባና ብድር ማኅበር ይባላል። ከሣጥኑ ጋር 3 ጓጉንቸር፣ ለየአባሉ ደብተር፣ ማኅተምና የቀለም ፓድ፣ ገንዘብ መቁጠሪያ ሳህን፣ ካልኩሌተር፣ እንዲሁም የብድሩንና የማኅበራዊ መዋጮውን ገንዘብ ለይተው የሚይዙ ሁለት ከረጢቶች ይመጣሉ።

ሲረከቡ መጀመሪያ ማጠፊያውን ይዩ። በብሎን የታሰረ ከሆነ ሦስቱ ጓጉንቸር ጌጥ ነው፤ ሌባው ብሎኑን ፈትቶ ክዳኑን ከኋላ ያነሣዋል። የተበየደ ይምረጡ። ቀጥሎ የአንዱን ቁልፍ በሌላው ይሞክሩ፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ርካሽ ጓጉንቸሮች አንዳንዴ በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ። ማኅተሙም ገበያ ላይ ያለው ተራ ክብ ባይሆን ይሻላል፤ ተመሳሳዩን የገዛ አባል ቤቱ ቁጭ ብሎ ደብተሩን ሊሞላ ይችላል።

ቁልፎቹን ከኮሚቴ ውጭ ያሉ፣ ዝምድና የሌላቸው ሦስት አባላት ይይዛሉ። ሣጥኑ የሚያድርበት ቤት ቁልፍ አያድርም።

ጥንካሬው ያለው በስብሰባው ላይ ነው። ከ15 እስከ 25 ሰው ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ድርሻ (ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ የቁጠባ መጠን) ይገዛል፣ በድርሻው ልክ ደብተሩ ላይ ማኅተም ይመታለታል፣ ባዶ የቀረው ቦታ በመስመር ይሰረዛል። ሣጥኑ ከመቆለፉ በፊት የቀረው ገንዘብ ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ማንበብ የማይችሉትም ጭምር «ስንት ነበር?» ተብለው ይጠየቃሉ። ከእቁብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ እቁብ ሁሉንም እኩል ያስጥላል፣ ይህ ግን በክረምት 1፣ በመኸር 5 ለሚችል ገበሬ ይመቻል። ብድሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቁጠባው 3 እጥፍ አይበልጥም፣ በ3 ወር ውስጥ ይመለሳል።

የተጠራቀመው ገንዘብ ክፍፍል ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይደረጋል። አንዱ ድርሻ 20 ብር ሆኖ 3,000 ድርሻ ከተሸጠ 60,000 ብር ነው፤ የብድር አገልግሎት ክፍያ 9,000 ከጨመረ አንዱ ድርሻ 23 ብር ያወጣል፣ 150 ድርሻ ያላት 3,450 ብር ትወስዳለች። ገንዘቡ በዚያው ቀን ይከፋፈል፤ ማደር የለበትም።

ድርጅቶቹ የሚያበላሹት ቸርነት ሲያበዙ ነው። ገና በሁለተኛው ወር «ማበረታቻ» ተብሎ ከውጭ ገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ ከገባ አባላቱ የጎረቤታቸውን ሳይሆን የፕሮጀክት ገንዘብ የተበደሩ ይመስላቸዋል፤ የሚመልስ ይጠፋል። ለሪፖርት ሲባል በአንድ ሳምንት 30 ቡድን ማቋቋምም ከዚህ አይሻልም፤ አመቻቹ፣ ማለትም ቡድኑን የሚያሠለጥነው የድርጅቱ ሠራተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ስብሰባ ላይ ሳይገኝ የተመሠረተ ቡድን መተዳደሪያ ደንቡን እንኳ አያውቀውም። ከዚያ በኋላ ግን አመቻቹ እየቀነሰ መሄድ፣ ደብተሩንም ለጸሐፊዋ መተው አለበት።

ሣጥኑን በነጻ ከመስጠት ቡድኑ ከመጀመሪያ ሳምንታት መዋጮው እንዲከፍለው ማድረግ ይመረጣል፤ ዋጋውን የከፈለ ዝገቱንም ይጠብቃል። ለሁለተኛው ዙር የሚያስፈልገው አዲስ ደብተርና የቀለም ፓድ ብቻ ነው።