ቢ6፣ ለእማዬ እግር የደረሰች ክኒን

እማዬ የቲቢ መድኃኒት ከጀመረች በሁለተኛው ወር ሌሊት ብርድ ልብሱን በእግሯ እየገፋች መጣል አመጣች። «ውስጥ እግሬን ሚጥሚጣ የነሰነሱበት ነው የሚመስለኝ» ትላለች። ጠዋት ደግሞ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ሳታውቀው ሁለት ሦስት እርምጃ ትሄዳለች። ስኳር ስላለባት እሱ ነው ብለን ዝም አልን።

በኋላ ሌላ ቦታ ያየቻት ነርስ ናት የነቃችው። «እማማ፣ ከአይሶኒያዚዱ ጋር ቢ6 አልሰጡዎትም?» አለቻት። አይሶኒያዚድ ከቲቢ መድኃኒቶቿ አንዱ ነው፤ ቢ6 ደግሞ ቫይታሚን ናት። አልሰጧትም ነበር። ስኳር ላለበት ሰው ይሄ መረሳት አልነበረበትም፤ አሁንም ያናድደኛል።

ክኒኗ ነጭ ናት፣ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ከቲቢዎቹ ትልልቅ ክኒኖች ጋር ስትታገል የምታረፍድ ሴት ይቺን በአንድ ጉንጭ ውሃ ትውጣታለች። ዋጋዋም አይከብድም።

ፋርማሲስቱ ለምን እንደምትጠቅም በካርቶን ጀርባ ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ቫይታሚኗ እንደተዋጠች ሥራ አትጀምርም። ሴል ውስጥ፣ በተለይ ጉበት ላይ፣ አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም የሰውነትን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ሴል ጉልበት ከሚያገኝበት ከኤቲፒ ላይ ፎስፌት የሚባል ቁራጭ ወስዶ ይለጥፍባታል። ከዚያ ሌላ ኢንዛይም ያስተካክላትና ፒኤልፒ የምትባል ረዳት ትሆናለች። ይሄ ሁለተኛው ኢንዛይም ራሱ ያለ ቫይታሚን ቢ2 አይሠራም። ፒኤልፒን የሚጠብቁ ኢንዛይሞች ከ100 በላይ ናቸው። የነርቭ መልእክት የሚያደርሱት ሴሮቶኒንና ዶፓሚን ያለ እሷ አይዘጋጁም። አይሶኒያዚድ ታዲያ ቫይታሚኗ ላይ ተጣብቆ በሽንት ይዟት ይወጣል፤ ፎስፌት የሚለጥፈውን ኢንዛይምም ሥራ ያስፈታዋል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሲገድል ነርቩ በረሃብ ይጎዳል ማለት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ የሚጥሚጣው ነገር ገባኝ።

ቢ6 በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ማቃጠሉ ቀነሰላት። የአውራ ጣቷ ድንዛዜ ግን ብዙ ቆየ፣ ስለዚህ ቀድማ ብትጀምር ኖሮ እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ጎረቤታችን «ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» ብላ ባለ 100 ሚሊግራሙን ለራሷ ልትገዛ ነበር። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 1.3 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ያንኑ የእግር ነርቭ ይጎዳል። የእማዬንም መጠን የወሰነው ሐኪሟ ነው።

ስድስት ወሯን ጨረሰች። አሁን ነጠላ ጫማዋ ሲወልቅ ወዲያው ታውቀዋለች፤ ቆም ብላ ታጠልቀውና መንገዷን ትቀጥላለች።