ስናድር ልገዛ ገብቼ

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። «ጋሼ፣ ይቺ መቅደላ የዋለች ስናድር ናት» አለኝ ልጁ፣ አሮጌውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ከግድግዳው ላይ እያወረደ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቡናም ጋበዘኝ።

ከበስተኋላ ያለውን የጥይት መክተቻ ክዳን በአውራ ጣቴ ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። ቀለሃውን ለማውጣት ያንኑ ክዳን ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ከዚያ ጠመንጃውን ደፍቶ ማራገፍ። ይሠራል! አፉ 14.7 ሚሊሜትር ነው፣ ትንሿ ጣቴ ትገባለች። ውስጡን ግን ዝገት በልቶታል። ይህን የሚተኩስ ከጠላቱ በፊት ራሱን ነው የሚያገኘው።

መነጽሬን አድርጌ ከመምቻው ፊት የተቀረጸውን ዓመት አነበብኩ፦ 1869። እንግሊዝ መቅደላን የወጋው በ1868 ነው፣ በራሳቸው አቆጣጠር! ልጁ ሳቀ። ዋጋውን ግን ንቅንቅ አላደረገም። የመሣሪያ ፈቃዱን ስጠይቀው ቡና ደገመልኝ።