መመሪያው በጊት ወይስ ዊኪ ላይ?

ጎንደር ፒያሳ ያለች የዘመድ ሱቅ አለች። ሒሳቧን የምይዘው ኤችሌጀር (hledger) በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፍኩ። መመሪያው ከተሳሳተ አለቀልህ፣ የምትነካካው ምስል የለም።

ከጓደኛዬ ጋር የፕሮግራሙን የአማርኛ መመሪያ ስናዘጋጅ የት እናስቀምጠው ብለን ተከራከርን። እሱ «ዊኪ ይሁን» አለ፤ ማንም ገብቶ የሚያርመው ድረ ገጽ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ዊኪ ይቀላል፤ ስህተት ያየ ሁሉ እዚያው ያርማል፣ ጊት (የፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) መማር አይጠበቅበትም። ጣጣው የፕሮግራሙ ስሪት (ቨርዥን) ላይ ነው። ዊኪው ስለ አዲሱ ያወራል፣ የሱቋ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን የድሮው ነው። አንድ ማታ ዊኪው ላይ ያነበብኩትን ትእዛዝ ሦስቴ ጻፍኩት። ሦስቴም አላውቅህም አለኝ። ቡናዬም ቀዘቀዘ።

ጊት ላይ ግን ለየስሪቱ የራሱ መመሪያ ይቀመጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረም ይታያል። ኤችሌጀር ራሱ እንዲህ ነው፤ «ሄልፕ» ስትለው አብሮት የመጣውን መመሪያ ያለ ኢንተርኔት ያወጣልሃል። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለጊት ፈረድኩ።

ዊኪውን ግን አልዘጋነውም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው፤ የበጀት ዓመታችን መጀመሪያ ሐምሌ 1 «07-08» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለው የአገር ቤት ብልሃት እዚያ ይከማቻል።