ባትሪ ወይስ ሃይድሮጂን? ወደብ ላይ ለሚሠራ ባለ ትራክ

ሎንግ ቢችና ሎስ አንጀለስ ወደብ ኮንቴይነር የምትጎትቱ ልጆች ስታወሩ እሰማለሁ። ወሬው ሁሌ ስለ መኪናው ነው፤ ስንት ማይል ይሄዳል፣ ጉልበቱስ፣ ካቢኑስ ይመቻል ወይ። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ማታ የት ታቆመዋለህ?

ግቢ ካለህ ባትሪ ውሰድ። ፍሬይትላይነር ኢካስኬዲያ የሚባለው የባትሪ ትራክ በትልቁ ባትሪው 438 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ ፋብሪካው እስከ 230 ማይል ይላል። ከወደብ እዚሁ ካሊፎርኒያ ኦንታሪዮ ከተማ አካባቢ ወዳሉት መጋዘኖች ደርሶ መልስ 100 ማይል ገደማ ስለሆነ አንዱ ዙር ምንም አይልህም፤ ሁለተኛው ላይ ግን ጭነቱ ከከበደና ትራፊኩ ከያዘህ ዓይንህ ከባትሪው ቁጥር ላይ አይነሳም።

ቻርጀሩ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሻጩ ባለ 350 ኪሎዋቱን ያሳይሃል፤ ማታ ለምታቆመው መኪና ግን ያን ያህል አያስፈልግህም። በ50 ኪሎዋት ከምሽቱ 9 እስከ ጠዋቱ 6 ብትሰካው (በፈረንጅ ሰዓት ነው የማወራው) 450 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሞላ በለው። ከ9 በፊት አትሰካው፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ መብራት የሚወደደው ከ4 እስከ 9 ነው። አምስት መኪና ካለህ ግን 250 ኪሎዋት ፈለግህ ማለት ነው፣ የኪራይ ግቢህ ትራንስፎርመር ላይችለው ይችላል፣ መስመሩ እስኪያድግልህም ዓመት ሊያልፍ ስለሚችል የመብራት ማመልከቻህ ከመኪናው ውል ይቅደም። የግቢው ባለቤትም በጽሑፍ ይፍቀድልህ።

ግቢ ለሌለው የሕዝብ ጣቢያ አለ። ዋትኢቪ የሚባል ኩባንያ በ2023 ሎንግ ቢች ወደብ ላይ የከፈተው 26 መኪና በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። ግን ፈጣን ቻርጀር ላይም ኢካስኬዲያ 80 በመቶ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ለራሱ ለሚሠራ ሰው ጭነት የሚሠራበት ሰዓት ነው።

ሃይድሮጂን ወረቀት ላይ ያምራል። ኒኮላ የሚባል ኩባንያ የሠራው ትሬ ትራክ 70 ኪሎ ሃይድሮጂን ይዞ እስከ 500 ማይል ይሄዳል ተብሎ ነበር፣ አሞላሉም ከናፍጣ ብዙ አይርቅም። በኪሎ 7 ማይል ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለትናንሽ መኪኖች ኪሎው ከ30 ዶላር ያለፈበት ጊዜ ነበር፤ በዚያ ዋጋ 100 ማይል ከ400 ዶላር በላይ ይበላል። በመብራት ከውሃ ይመረት ብትልም ርካሽ አይደለም፦ አንዱን ኪሎ ለማውጣት ብቻ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ ያንኑ መብራት ቀጥታ ባትሪ ውስጥ ብትከተው ወደ 25 ማይል ይወስድህ ነበር።

ኒኮላ በየካቲት 2025 ኪሳራ አወጀ። መኪናውንም ጣቢያውንም የሚያቀርብልህ አንድ ኩባንያ ሲሆን፣ እሱ ሲወድቅ ማደያህም አብሮት ይሄዳል። ሰሜን ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ላይ ሠላሳ የሃዩንዳይ ሃይድሮጂን ትራኮች የተሰማሩት ለከባድ መኪና የሚሆን ጣቢያ አብሮ ታስቦላቸው ነው። አንተም እንዲህ ዓይነት ጣቢያ በመንገድህ ላይ ካለና ዋጋው በውል ከታሰረልህ አስብበት፣ ያለበለዚያ እለፈው።

ፊኒክስ ለሚመላለስ ሰው ግን ሁለቱንም አልመክርም፣ መሄጃው ብቻ 370 ማይል ገደማ ነው። ወደብ ላይ አዲስ የሚመዘገብ ሁሉ ጭስ አልባ ይሁን የሚለውን ደንብ ለማስፈጸም ካሊፎርኒያ ለፌዴራል መንግሥት ያቀረበችውን የፈቃድ ጥያቄ በ2025 መጀመሪያ ስለተወችው፣ ናፍጣውን ይዞ ትንሽ ቢቆይ የሚያስቸኩለው የለም።